እርቁ ከልብ አይደለም

እምሩ ወደ ቅርፊቱ የሚገባው ሁልጊዜ ካልሲውን አውልቆ ነው። በባዶ እግሩ ካልቆመ ወታደሮቹ የሚታዘዙት አይመስለውም። የዚያን ቀን ጠዋትም ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ገባ፣ ቅርፊቱም እንደ ሻንጣ ክዳን ገጠመበት። ቅርፊት የታች ሰመራ ሰዎች ቆመው የሚጫወቱበት፣ በሰው ቁመት የተሠራ ዕቃ ነው። ዓይንና ጆሮ ወደ ጨዋታው ዓለም ይሄዳሉ፤ እግርና ወገብ እዚያው ታስረው ይጠብቃሉ።

ታች ሰመራ ከመሬት በታች ያለች ከተማ ናት። ላይ ያለው ሙቀት ሰው የሚችለው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ እዚያ የቀረው የጨው ሜዳውና የመንኮራኩር ጣቢያው ብቻ ነው። ሰማይ በሌለበት ከተማ ደግሞ ሰውን ሜዳ ያምረዋል። ስለዚህ ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም «ምሽግ» ይጫወታል። ጦር ያሰልፋሉ፣ የውሃ ጉድጓድ ይይዛሉ፣ በዘዴ ይከባበባሉ። የተጣላ ይጋጠምበታል፣ የተዋደደም ይተጫጭበታል።

«አንድ ዙር ብቻ» ብሏት ነበር ልጁን ወለላን።

ወለላ በዚያ ሰዓት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ለመዝጋት ትታገል ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጎህ» የምትባለው መንኮራኩር ወደ ሳተርን ጨረቃ ለመሄድ በሯን ትዘጋለች፤ ወለላም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ናት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ተኝተው ይሄዳሉ፣ ተኝተው ይመለሳሉ። እሷ ስትመለስ ዛሬ ካለችበት ዕድሜ ብዙም አትርቅም። አባቷ ግን፣ ካለ፣ በከዘራ ነው የሚቀበላት።

«አባዬ፣ ዛሬም?»

«የሊግ ቀን ነው። ሊቀ መንበሩ ከቀረ ሌላው ሰው ምን ይላል?»

«ሊቀ መንበሩ ልጁን ሸኘ ይላላ።»

«ለምሳ እደርሳለሁ አልኩሽ።»

ሻንጣው ተዘጋ። ወለላም ላቧን ጠርጋ፣ ቀና ሳትል፣ «እሺ አንድ ነገር ንገረኝና ሂድ» አለችው። «ትንሽ ሆኜ ሳሸንፍህ፣ እውነቱን፣ ትለቅልኝ ነበር አይደል?»

«ሂጂ እንግዲህ!» ብሎ ስቆ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የወጣው መሸኘቱን ስለፈራ ነው። በቤቱ ውስጥ የሻንጣ ድምፅ መስማት አቅቶት ነበር። ሰው ሲጨንቀው ወይ ይበላል ወይ ይተኛል፤ እምሩ ጦር ያሰልፋል።

እምሩ የጨዋታ ደንብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ደንቡ እንደ እድር ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ፣ እጅ ወጥቶ የጸደቀ ነው፤ አብዛኛውን የጻፈው ግን እሱ ራሱ ነው። አትሳደብ ይላል፤ ለአንድ ስድብ አሥር ወታደር ቅጣት አለው። በቅጥር አእምሮ፣ ማለትም ባንተ ፋንታ በሚያስብ ማሽን፣ አትጫወት ይላል። ስትሸነፍ አትሽሽ፣ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ብለህም አውቀህ አትሸነፍ ይላል። ጨዋታው ሲያልቅ ተሸናፊው «ደህና ተጫወትክ» ማለት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው «ሽማግሌ» ነው። ሽማግሌ ዳኛ ማሽን ነው፤ ድምፁ ረጋ ያለ፣ ቸኩሎ የማያውቅ፣ የቅርፊቱንም መክፈቻ የያዘ።

እምሩ በጨዋታው ኮረብታ ላይ ቆሞ ወታደሮቹን ሲያይ፣ ሽማግሌ የዕለቱን ዕጣ አሳወቀው።

«ተጋጣሚዎ ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው።»

እምሩ ወታደሮቹን እንደገና ቆጠረ።

ሸጊቱ የግድግዳ ጎረቤቱ ናት፤ ጨው ከላይ የሚያወርደውን የዕቃ አሳንሰር የምትነዳ ሴት። ድሮ «ሸጌ» ይላት ነበር፣ ሽሮ ሲያልቅበትም ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ልጇ ቶሎሳ በቅጥር አእምሮ ሲጫወት ተያዘ። እምሩም በጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ዕድሜ ልኩን ከምሽግ አገደው። ጥፋቱን ቶሎሳም አልካደም። ግን በታች ሰመራ ከምሽግ መታገድ ከጓደኛም ከሰፈርም መታገድ ነው። ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ ላይ ወጣና የጨው ሜዳ ጠባቂ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎረቤቶች በጣም ጨዋ ሆኑ። በየጠዋቱ በር ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ?» ይላል እሱ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ትላለች እሷ። በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ይበርደዋል። ምክትል ሊቀ መንበሯ ሸጊቱ ናት፤ ከኮሚቴውም አንዳቸው አልለቀቁም። ቀድሞ የለቀቀ ሌላውን ደስ ያሰኛላ!

ጨዋታው እየገፋ ሄዶ፣ የምሽግ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነገሩ ተቆላለፈ። እምሩ የሸጊቱን ጉድጓድ ከቧል፤ ሸጊቱም የእሱን። እያንዳንዱ ከሌላው ጉድጓድ እየጠጣ ስለሆነ ማንም አይጠማም። መጀመሪያ የተነቃነቀ ጀርባው ይጋለጣል፣ ያልቅለታል። ስለዚህ ማንም አልተነቃነቀም። ወታደሮቹ ጦራቸውን ተደግፈው ይተያያሉ፤ አንዳንዱ ማንቀላፋት ጀምሯል።

የምሽግ ፀሐይ ከእውነተኛው ሰዓት ጋር ነው የምትሄደው። እምሩ ቀና ብሎ አያት። ምሳ አልፏል።

«ልሸነፍና ልሂድ» አለ ለራሱ፤ ጦሩንም ከኮረብታው አውርዶ በቀጥታ ወደ ሸጊቱ ጦር ላከው።

«አቶ እምሩ፣ ይህ አውቆ መሸነፍ ነው» አለ ሽማግሌ። «በደንቡ መሠረት እርምጃው አልተቆጠረም።»

ወታደሮቹ ለማይረባ ስብሰባ ተጠርተው እንደተመለሱ ሰዎች ፊታቸውን አጨማድደው ኮረብታውን መልሰው ወጡ።

«ደንቡን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ክፍተት የለውም።»

እምሩን ላብ አጠመቀው። ከቅርፊቱ መውጫው ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም እርቅ ነው። ሌላ አንድ መንገድ ነበረ፤ ከውጭ የሚጎተት የአደጋ እጀታ። ታዲያ ሰው ሁሉ መሸነፍ ሲጀምር ሆዱን መቁረጥ ጀመረውና እጀታው ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎተት ዋለ። ስለዚህ እምሩ በሁለት ቁልፍ አስቆለፈው፤ አንዱ ሊቀ መንበሩ አንገት ላይ፣ ሌላው ምክትሏ አንገት ላይ። አሁን ሁለቱም ቁልፎች ቅርፊት ውስጥ ናቸው። በእውነት የታመመውን ሽማግሌ ራሱ ይከፍትለታል። እምሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ልቡ ብቻ ነው የምትመታው።

«ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ፣ አቶ እምሩ።»

«ልጄ ዛሬ ትሄዳለች። ዘጠኝ ላይ በሩ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ። በሶ አዘጋጅቼላት ነበር። ባይበላም ይሸታታል ብዬ።»

እምሩ ፀሐይዋን እንደገና አየ። «እንግዲያስ እንታረቅ» አለ።

«እንታረቅ።»

«እርቁ ከልብ አይደለም» አለ ሽማግሌ።

ይህም የእምሩ ሥራ ነው። ድሮ ተጫዋቾች ይታረቁና፣ ሌላው ጦሩን ሲያሳርፍ ከኋላ ይመቱት ነበር። እምሩ «ከልብ ያልሆነ እርቅ አይጸናም» የሚል ደንብ አስገባ። ሽማግሌ የሰውን ልብ በቅርፊቱ በኩል ያይና ይፈርዳል ተባለ። ሲጸድቅ ጉባኤው ቆሞ አጨብጭቧል።

«ብበድልዎ ይቅር ይበሉኝ» አለ እምሩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሸጊቱ።

«ከልብ አይደለም።»

«በእናቴ አፈር፣ ቂም የለብኝም!»

«ከልብ አይደለም።»

ተመሰጋገኑ። እሷ ምግባሩን አነሳች፣ እሱ ጉርብትናዋን። እህቴ አላት፣ ወንድም ጋሼ አለችው። እምሩ እንባ ሁሉ አውጥቶ ነበር። ሽማግሌ በዚያው በረጋ ድምፁ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ ያንኑ ይመልስላቸዋል። እምሩ ጣቱን ሊያንቀሳቅስ ሞከረ፤ የቅርፊቱ ጓንት አጥብቆ ይዞታል። አፍንጫውን በላው፤ የሚያክለት የለም። ከዚያ በፊት ቅርፊት ጠባብ መሆኑን አስቦት አያውቅም።

ያኔ ነው ጀርባው ላይ የተሰማው።

ሁለት ፈጠን ያለ፣ አንድ ዘግየት ያለ። ወለላ በር ስታንኳኳ እንዲህ ነው።

«ወለላ!» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ነኝ! ጠብቂኝ!»

ድምፁ ከቅርፊቱ አልወጣም። ከውጭ ምክር እንዳይገባ፣ ከውስጥም ምልክት እንዳይወጣ፣ ድምፅ በሁለቱም በኩል ይታፈናል። እምሩ ማን ይህን ሐሳብ እንዳመጣ አስታወሰና ዓይኑን ጨፈነ።

እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ አንድ ክብደት ሲያርፍ ተሰማው፤ ሰው ትከሻውን ሲያስደግፍ። ክብደቱ እዚያው ቆየ። እምሩ ከውስጥ በኩል በዚያው ቦታ ጀርባውን ለጠፈ፤ ሌላ ማድረግ የሚችለው አልነበረም። ከዚያ ክብደቱ ተነሳ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

«ሄደች» አለ እምሩ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ይኸው በእርስዎ እልህ ሄደች።»

«በእኔ እልህ? ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«አንቺ ነሻ! አንቺ አኩራፊ! ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመሽ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ስትዪኝ ፊትሽ የበረደ ገንፎ ይመስላል!»

ከኮረብታው ላይ አሥር ወታደሮች ጠፉ።

«ስድብ» አለ ሽማግሌ። «አሥር።»

ሁለቱም እኩል ገባቸው። ጦሩ ያለቀበት ይሸነፋል፤ አንዱ ከተሸነፈ ጨዋታው ያልቃል፣ ሁለቱም ይወጣሉ።

«አህያ!» አለ እምሩ ቸኩሎ። «ደደብ! ባለጌ!»

«ከልብ አይደለም፤ አልተቆጠረም።»

«ምነው፣ ከልብህ ስደበኝ እንጂ!» አለች ሸጊቱ። «አንተ» ማለቷን እሷም አላስተዋለችም።

«የምትቀቅዪው ጎመን በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ከረባቴን አግምቶታል! ስብሰባ ላይ ሰው ከእኔ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው!»

«አሥር።»

«ጎመኔ ምን አደረገህ? አንተ ደንብ አምላኪ! ሚስትህ ስትቀበር እንኳ ለአልቃሾች ተራ ያወጣህ!»

«አሥር» አለ ሽማግሌ፤ ይህኛው ከሸጊቱ ጦር ነው።

«አንቺ ለምን ትሰድቢኛለሽ? እኔ ልሸነፍበት እንጂ!»

«ሁለት ዓመት የያዝኩትን ላንተ ብዬ ልዋጠው? አላደርገውም!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለመናገር ያስቸግራል፤ የሚያሳፍርም አለበት። ስለ እምሩ ማንኮራፋት ተነሳ። ስለ ሸጊቱ ዘፈን ተነሳ። አንድ ሰው ተውሶ ሰብሮ ስለመለሰው ጀበና ተነሳ፤ ሌላው ደግሞ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር አለ። ወታደሮቹ በአሥር በአሥር እየጠፉ ኮረብታው መላጣ ሆነ። ችግሩ ሁለቱም እኩል መሳደባቸው ነው። በመጨረሻ እምሩ ዘንድ አሥር ቀሩ፣ ሸጊቱም ዘንድ አሥር። አንድ ስድብ ከየትኛቸውም ቢወጣ በሩ ይከፈታል።

ሸጊቱ ግን መሳደቧን ትታ ነበር።

«ግድግዳ ነው የሚለየን» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አንኳኩተህ ‹ሸጌ፣ ልጅሽ እንዲህ አድርጓል› ብትለኝ ጆሮውን ይዤ እኔው አመጣልህ ነበር። አጥፍቷል፤ አላጠፋም አላልኩም። ግን የልጄን ነውር እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አዳራሽ ተቀምጬ ሰማሁት። ጎረቤቴ አይደለህም እንዴ?»

እምሩ አንድ ቃል ነበረው። ሁለት ዓመት ምላሱ ሥር ያስቀመጠው፣ በር ላይ ሲያገኛት ስንት ጊዜ ሊያመልጠው የነበረ ቃል። ስለ ቶሎሳ ነው፣ እሷ ስላሳደገችው አስተዳደግ። እንደሚቆጠር ያውቃል። ያን ቢላት አሥሩ ወታደሮች ይጠፋሉ፣ ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ወለላን ይደርስባታል። ፀሐይዋን አያት። አፉን ከፈተ።

አላለውም።

«ቶሎሳ ሲያሸንፈኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

ያመነችው አልመሰለውም፤ ቀጠለ።

«እውነቴን ነው። ሲያሸንፈኝ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን እስቅ ነበር። እንዴት አሰበው እያልኩ እራት ይቀዘቅዝብኛል። ያን ቀን ግን ያሸነፈኝ እሱ አልነበረም። ገና በሦስተኛው እርምጃ አወቅሁ፤ የእሱ አካሄድ አይደለም። አንድ ሰው ልጁን ደብቆ በቦታው ዕቃ ያስቀመጠብኝ መሰለኝ። ተናደድኩ። ሲናደድ ደንብ የሚያነብ ሰው ነኝ፤ ምን ላድርግ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሸጊቱ።

«ደንቡ ውስጥ የለማ።»

የሸጊቱ ሳቅ ከእንባ ጋር ተደባልቆ ወጣ። «አንተ ሰውዬ» አለች። «እኔ ደግሞ ሳልህን በግድግዳው እሰማለሁ። ጠዋት ካልሳልክ ሥራ መሄድ አልችልም፤ እስክትስል እቆማለሁ። አንዴ በአንተ ምክንያት አሳንሰሩ ዘግይቶ ተቀጥቻለሁ።»



«እርቁ ጸንቷል» አለ ሽማግሌ። ቅርፊቶቹም ተከፈቱ።

እምሩ ወጥቶ አዳራሹ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ወለላ የለችም። ጫማውን በባዶ እግሩ እያጠለቀ፣ ወደ ጣራው ቀና ብሎ በቁጣ ጠየቀ። «ቅድም እንባ ሳወጣ ከልቤ አልነበረም? ልቤን ካየህ እንዴት ይህ አልታየህም?»

«ልብ አይታየኝም፣ አቶ እምሩ» አለ ሽማግሌ። «ልብ የሚያየው መሣሪያ ሲገጠም ተበላሽቶ ተመለሰ፤ ሌላ አልመጣም። ደንቡ ግን ፍረድ ይለኛል። ስለዚህ የማየው አንድ ነገር ነው፤ የተባለው ነገር ከዚህ በፊት በዚህ አዳራሽ ተብሎ ያውቃል ወይ? ቅድም ያሉኝን ሁሉ ብዙ ሰው ብሎታል። መሸነፍ ደስ ይለኝ ነበር ያለ ሰው ግን የለም። ሳል እጠብቃለሁ ያለም የለም።»

እምሩ አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሸጊቱ ክንዱን ይዛ ጎተተችው።

«ኋላ ትገረማለህ። ተነስ!»

የሰው አሳንሰር በሸኚ ተጨናንቆ ነበር፤ ተራ እስኪደርስ ዘጠኝ ይሆናል። ሸጊቱ ወደ ጨው ማራገፊያው ሮጠች፣ የራሷን አሳንሰር ከፈተች፣ ለወለላ ያዘጋጀችውን የበሶ ጠርሙስም ከመሪው አጠገብ አነሳች። በሩ ላይ «ሰው መጫን ክልክል ነው» ይላል። እምሩ ደፉ ላይ ቆመ።

«ክልክል ነው ይላል።»

«አንተ አይደለህም የጻፍከው፤ ግባ!»

ገባ። ገና ባልተራገፉ የጨው ከረጢቶች መካከል ተጣብበው ወደ ላይ ወጡ፤ እንደገና ታሰረ፣ ግን ይኸኛው ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። ላይ ሲደርሱ ሙቀቱ ፊቱን እንደ ምድጃ አፍ መታው። በጨው መኪናው አጠገብ አንድ ረጅም ወጣት፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ቆሟል። እምሩን ሲያይ ጨርቁን አወረደ። ቶሎሳ ነው።

«ምን ቆመህ ታየናለህ? ንዳ!» አለችው እናቱ።

ነዳ። እምሩ ከኋላ ሆኖ የልጁን ማጅራት ሲያይ ቆየና፣ «ስትወርድ አንድ ዙር አለብህ» አለው።

«ታግጃለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ደንብ ይሻሻላል» አለ እምሩ። ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ ደነገጠ።

የጎህ በር መስታወት ነው። ሲደርሱ ተዘግቷል። ከወዲያ በኩል ተሳፋሪዎቹ ነጭ የመኝታ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ወለላ ከሰልፉ ጫፍ ሆና ወደዚህ ትመለከታለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሲያያት እሷም አየችው። በር ጠባቂዋ እምሩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ጨው በጨው የሆነ፣ ካልሲ የሌለው ሰው። አዘነችለት መሰለኝ፣ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጫነችለት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው። «መተኛታቸው ነው።»

በሰላም ግቢ ሊል ነበር። እግዜር ይከተልሽ ሊል ነበር። ራስሽን ጠብቂ፣ በደንብ ብዪ፣ ሁሉም ተሰልፈው ምላሱ ጫፍ ላይ መጡ፣ እንደ ወታደር። እያንዳንዱን አየና መለሰው። ጠባቂዋ ጣቷን ልታነሳ ነው።

«ወለላ!» አለ። «አንድም ቀን ለቅቄልሽ አላውቅም! ያሸነፍሽኝ ሁሉ የራስሽ ነው!»

ወለላ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እንደዚያ ስትስቅ ካያት ዓመታት ሆኖታል፤ አጠገቧ ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩአት። አፏን ወደ መስታወቱ አስጠግታ፣ ተሸናፊ ለአሸናፊ የሚለውን፣ በታች ሰመራ በየቀኑ፣ በየቅርፊቱ፣ ማንም ለማንም የሚለውን ቃል አለችው።

«ደህና ተጫወትክ፣ አባዬ።»

ሽማግሌ ቢሰማው ኖሮ ከልብ አይደለም ይል ነበር። እምሩ ግን መስታወቱ እስኪጨልም እዚያው ቆሞ፣ ሸጊቱ የበሶዋን ጠርሙስ እንዳቀፈች አጠገቡ ቆማ፣ እንደገና እንደገና ሰማው።